በእኔ ልክ የተሰፋ እሽግ

ጋሼ በሥራ ሰዓት አይደውሉም። ሰው ሥራ ላይ እያለ መደወል ነውር ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ ያን ሐሙስ፣ ካምደን ካለው ቢሮዬ ገና ለምሳ ሳልነሳ ቁጥራቸውን ስልኬ ላይ ሳይ፣ አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ ክው አልኩ። ጠረጴዛዬን ትቼ ወደ ደረጃው ወጣሁ።

«ደህና ነሽ ልጄ? ሥራ ደህና ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እናትሽ ደህና ናቸው?»

ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነበር። ሥራ ካለብሽ ይቆይ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ይቺ ማሽን… ሲደክማት ታርፋለች እንዴ?»

ማሽን የሚሉት ላፕቶፓቸውን ነው። በተለይም እኔ የሠራሁላቸውን፣ አማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበውን ፕሮግራም። ጉዳዩ ወዲያው ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያረፈችው?»

«እንግዲህ…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጥተሽ ካደስሽልኝ ቀን ጀምሮ ነው።»

ያደስኩላቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደውዬ «እንዴት ናት፣ ትሠራለች?» ብያቸዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እንዴታ! ወላሂ በጣም ጥሩ ናት፣ እጅሽ ይባረክ» ብለውኛል። እኔም ተመርቄ፣ ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘግቻለሁ። በቢሮዬ ያሉ እንግሊዞች አንድ ቁልፍ ቦታውን ቢቀይር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት የቅሬታ ኢሜይል ይጽፋሉ። የእኔ ብቸኛ ተጠቃሚ ግን በነፃ የተሠራለትን ነገር አይሠራም ብሎ ሰው ማሳፈር የማይሆንለት የወሎ ሽማግሌ ነው። ይህን እያወቅኩ መልሳቸውን አምኜ መቀመጤ ያናድደኛል፣ እስከ ዛሬም።

ጋሼን ያወቅኳቸው ለንደን እንደመጣሁ ኬኒንግተን ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። ጎረቤቴ ነበሩ፤ ያኔ ሚኒካብ የሚባለውን ታክሲ ይነዳሉ። ለኢንተርቪው በሄድኩ ቁጥር፣ አውቶቡሱ ያስረፍድሻል እያሉ በራሳቸው መኪና አድርሰውኛል። እኔ ሥራ አግኝቼ ዌምብሊ ቤት ከያዝኩ በኋላ ግላኮማ መጀመሪያ አንዱን ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ሌላውን ወሰደው። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ከሁሉ በላይ ያቃጠላቸው መንዳቱ መቅረቱ አልነበረም፤ የራሳቸውን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው መለመኑ ነው። ለንደን ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ወይ ራስዎን ያውቅዎታል፣ ወይ የሚያውቅዎትን ሰው ያውቃል። ዛሬ የተነበበልዎት ነገር ዓርብ መስጊድ ደጃፍ ላይ ይጠብቅዎታል።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ጻፍኩላቸው። ድምፁ የራሴ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እያነበብኩ የቀዳሁት ነው። ጋሼ አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፣ የእኔ ድምፅ የመጣላቸውን ኢሜይል ያነብላቸዋል፣ እኔ ግን ምን እንደተጻፈ አላውቅም። ይህ ነገር በጣም ይማርካቸው ነበር። «አንብበሽልኝም አልሰማሽም!» እያሉ ይስቃሉ።

እዚህ ላይ ሥራውን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፣ ጥፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ፕሮግራሙ ሁለት አካል አለው። አንዱ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ፓይተን ለመጻፍ ይቀላል፣ ሲሠራ ግን ይንቀራፈፋል። ድምፅ የማውጣቱን ከባድ ሥራ የሚሠራው ሌላኛው አካል ሲ በሚባል ሌላ ቋንቋ ተጽፎ፣ ማሽኑ በቀጥታ ወደሚገባው ትእዛዝ ተተርጉሞ ከፓይተኑ ጋር ይገጠማል። ይህ ሁሉ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲጫን በአንድ ፋይል ይታሸጋል። እሽጉ ስሙ ላይ ለየትኛው የፓይተን እትም፣ ለየትኛው ሲስተም፣ ለምን ዓይነት ፕሮሰሰር እንደተሠራ ይጻፍበታል። የሚጭነው ፕሮግራም የሚያየው ያን ስም ብቻ ነው። ስሙ ከገጠመለት ይቀበላል፤ ከፍቶ አይመረምርም።

ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ኮምፒውተር ገዝቼ ነበር። ሰው አዲስ ጫማ ሲገዛ መሮጥ ያምረው የለ? እኔም የሲውን ኮድ ሳስተረጉም አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ይህ ማሽን የሚችለውን ሁሉ ተጠቀም የምትል። ፕሮግራሙ እንደ ጉድ ፈጠነ። አንድ ገጽ ለማንበብ የሚያደርገው ዝግጅት ከዓይን ጥቅሻ በታች ሆነ። ኮራሁ። በዚያው ኩራት አሽጌ፣ የድሮውን እሽግ ቦታ ያጣብባል ብዬ አጥፍቼ፣ ኬኒንግተን ሄጄ ጫንኩላቸው። «ተጭኗል» አለኝ። ልሞክረው ስል ሻይ ቀረበ፣ ብስኩት ቀረበ፣ ቀጥሎ «ሂጂ በይ፣ ዝናቡ ሳይመጣብሽ» ተባልኩ። ሳልሞክረው ወጣሁ። የጋሼ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የእኔ አዲስ ማሽን የሚያውቃቸውን ትእዛዞች አያውቅም። ስሙ ለሁሉም የሚሆን የሚመስለው እሽግ ውስጡ በእኔ ልክ ብቻ የተሰፋ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፣ በደረጃው የሚያልፍ ባልደረባዬ ዞሮ አየኝ።

«ደክመሽበታል። ደግሞም ነገ ትነሳለች፣ ነገ ትነሳለች እያልኩ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

በመጨረሻ ነገሩን አወጡት።

ደሴ አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከአምስት ወር በፊት ልታገባ ያሰበችውን ልጅ ስትነግራቸው ተጣሉ። ልጁን አላውቀውም፣ ቤተሰቡን አላውቀውም ብለው ተቆጡና በመጨረሻ «ሁለተኛ ድምፅሽን እንዳታሰሚኝ» አሏት። ልጅቷ ቃላቸውን አከበረች፤ አልደወለችም። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ኢሜይል ጻፈችላቸው። ደብዳቤው የደረሰው እኔ ማሽኗን ባደስኩ ማግሥት ነው።

«ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከደሴ ደወለ» አሉ። «ተቆጣኝ። ልጅቱ ጽፋልህ ሁለት ሳምንት ዝም አልካት፣ እምቢ ማለትህ ነው ብለን ቃዲው እንዲያስርላት ተስማምተናል አለኝ። ኒካው ነገ ነው፣ ከጁምዓ በኋላ።»

አባት በሕይወት እያለ ልጁን የሚድረው እሱ ነው፤ ከራቀም ወኪል ያቆማል። አባት እምቢ ካለ ነው ነገሩ ወደ ቃዲ የሚሄደው። ይህን የማውቀው ከጋሼ ነው፣ እኔ ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው። ግን «አባቷ እያለ በቃዲ የተዳረች» የሚለው ቃል አንዲትን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንደሚከተላት ለመረዳት ሃይማኖት አያስፈልግም።

«ታዲያ ለምን አይደውሉላትም? አሁኑኑ!»

«ምን ብላ እንደጻፈችኝ ሳላውቅ ምን ብዬ? ከዘለፈችኝ ዝምታዬ ይሻላል። ከለመነችኝ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ በዝምታ ገድያታለሁ።»

«ወንድምዎን ምን ብላ እንደጻፈች አይጠይቁትም?»

«አላነበብኩትም ልበለው? አፈርኩ።»

«እኔ መጥቼ ላንብብልዎት።»

«አንቺ እንኳ ልጄ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ይኼ የአባትና የልጅ ነው። አብሽሪ፣ አትጨነቂ። ሥራሽን ሥሪ።»

አብሽሪ ሲሉ በነገሩ ተስፋ እንደቆረጡ አውቃለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ደሴ ደግሞ ስምንት ተኩል። ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት መደወል አለባቸው፤ ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቃዲው ከተጠራ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም።

ፕሮግራሙን አስተርጉሜ የማሽገው ዌምብሊ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ በተተከለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ የውጭ ፕሮግራም አያስጭንም። ኮዱ ግን ኢንተርኔት ላይ ስለተቀመጠ ከሩቅ ያለ የኪራይ ማሽን ተርጉሞ እንዲያሽገው በብሮውዘር ማዘዝ እችላለሁ። ምሳዬን ትቼ ተቀመጥኩ። ያቺን ክፉ መስመር አጠፋሁ፤ በምትኩ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ሁሉ የሚያውቁትን ትእዛዝ ብቻ ተጠቀም አልኩት። ጀመረ። ትንሽ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቀይ ሆነች፤ አንድ ፋይል አላገኘሁም አለ። ለካ ያ ፋይል የሚገኘው እኔ ቤት ብቻ ነው፣ ኮዱ ውስጥ መክተት ረስቼዋለሁ። በመጨረሻ እኔው የጻፍኩት ስለሆነ አስታውሼ እንደገና ጻፍኩት። ስቸኩል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አረንጓዴ ስትሆን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

አለቃዬን ኢመርጀንሲ አለብኝ አልኳት።

«የቤተሰብ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። ስናገረው ውሸት መሆኑ አልተሰማኝም።

ባቡሩ ውስጥ ቦታ እያለ ቆሜ ሄድኩ። ልጅቷን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም፤ ግን በየቀኑ ስልኳን እያነሳች የአባቷን መልስ ስትፈልግ ይታየኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ትእዛዙን አክብራ ድምፅዋን አላሰማችም። በድምፅ ያልቻለችውን በጽሑፍ ስትል ጽሑፉን እኔ ዘጋሁባት። ኬኒንግተን ስወርድ ሮጥኩ፤ አሳንሰሩን አልጠበቅኩም፣ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ።

ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። «ሥራሽን ጥለሽ መጣሽ? አይ ልጄ» ብለው ወደ ማጀት ሊሄዱ ሲሉ «ዛሬ ሻይ የለም!» አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ብያቸው አላውቅም። ቆሙ፣ ከዚያ እንደታዘዘ ሰው ሄደው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ላፕቶፑን ስከፍተው ስክሪኑ መሐል ላይ ትንሽ መስኮት ወጥታለች። ፕሮግራሙ ሥራ አቁሟል፣ ዝጋ ትላለች። ዘጋኋት። ከሥሯ ሌላ አለች። እሷንም ዘጋሁ፤ ሌላ። ጋሼ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር አንድ አንድ ወጥታለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽኑ ጥፋቱን እየጻፈ ሲናዘዝ ነበር፣ ለማያይ ሰው። ለዓይነ ስውር ፕሮግራም ሠርቼ ስሕተቱ በድምፅ እንዲነገር አላደረግኩም። ፊቴ ጋለ። መስኮቶቹን እየዘጋሁ አለቀስኩ፤ ድምፅ ግን አላሰማሁም።

«ብዙ ነው ሥራው?» አሉ ጋሼ።

«ትንሽ ነው።»

አዲሱን እሽግ አወረድኩና ጫን አልኩት። በአንድ ሰኮንድ ጨረሰ። በጣም ፈጠነ። የጋሼን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ዝም። ያቺ መስኮት ተመልሳ መጣች። እንደገና ጫንኩ፤ እንደገና መስኮቷ። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሁለቱንም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ለራሴ «ቀስ በይ፣ አንብቢ» አልኩ። የጫኚው መልስ ሁለቱንም ጊዜ ስክሪኑ ላይ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ይህ እትም አስቀድሞ ተጭኗል ይላል። በጥድፊያ የእትሙን ቁጥር ሳልቀይር ነው ያሸግኩት። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጫኚው አዲሱን እንደ አሮጌው ቆጥሮ አልነካውም። አሮጌውን አስወጣሁ፣ አዲሱን በግድ አስገባሁ። አሁን ጊዜ ወሰደበት።

አንድ የድሮ የሙከራ ጽሑፍ ከፍቼ ተጫንኩ።

«ደህና ዋሉ ጋሼ» አለ የእኔ ድምፅ።

ጋሼ ከሶፋው ብድግ አሉ። «መጣሽ!» አሉ። እኔን ይሁን ማሽኗን አላውቅም።

አስቀመጥኳቸው፣ እጃቸውን ወስጄ ቁልፉ ላይ አደረግኩና ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ውጭ ባለው ረጅም በረንዳ ላይ ቆምኩ። ገና ፀሐይ ነበር። ታች ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ግን የነዚያ ቤቶች ግድግዳ ስስ ነው፤ የራሴ ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቃሉን ለይቼ አልያዝኩም፣ ለመያዝም አልፈለግኩም። አንድ ቃል ብቻ ሳልፈልግ ሰማሁ፦ «አባዬ»። በእኔ ድምፅ። ፈጥኜ ከበሩ ራቅኩ፣ እስከ በረንዳው ጫፍ ሄድኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሲጠሩኝ ተመለስኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ደውይልኝ» አሉ። «ቁጥሩን መንካት አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

ደወልኩና ስፒከር ላይ አድርጌ ሰጠኋቸው። ልወጣ ስል በእጃቸው ክንዴን ያዙኝ። ጠራ፣ ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

«አባዬ?» አለች ሴት ልጅ።

«እኔ ነኝ።»

ከጀርባዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፤ ዕቃ ይንኳኳል።

«ደብዳቤሽን ዛሬ ነው ያነበብኩት» አሉ።

«ዛሬ?» ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «ሁለት ሳምንት ሆኖታል እኮ። እስከ ረቡዕ ጠብቄሃለሁ። ትናንት ለአጎቴ እምቢ ብሏል በል አልኩት። ነግሯቸዋል፣ ሁሉም ሰምቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ሆነህ ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሼ።

አፈጠጥኩባቸው። ቀጥለው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልቀጠሉም። ክንዴን ይዘው፣ ጥፋቴን ተሸክመው ዝም አሉ። ልጃቸው ፊት እንኳ ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም።

«እሺ» አለች ልጅቷ። «እሺ አባዬ። ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ልትዘጋው ነበር። ስልኩን ከእጃቸው ነጠቅኩ። አዎ፣ ከአንድ ሽማግሌ እጅ ስልክ ነጠቅኩ፤ እናቴ ብታየኝ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

«እህቴ፣ አትዝጊው! ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፣ የኔ ነው። የሚያነብላቸውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤሽ በመጣ ዋዜማ አበላሸሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አላነበበላቸውም። ደብዳቤሽን የሰሙት ዛሬ፣ አሁን ነው። እንደሰሙ ነው የደወሉት።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ጎረቤታቸው ነበርኩ። እንደ ልጃቸው ነኝ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አይሠራም ብሎ አልነገረሽም?»

«አልነገሩኝም። ስጠይቃቸው በጣም ጥሩ ነው ይሉኛል።»

አንድ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለቅሶም አለበት። «እሱ ነው» አለች። «ወላሂ፣ እሱ ራሱ ነው። ስጪኝ እሱን።»

ስልኩን መለስኩላቸው። አሁን ግን አልያዙኝም። ተነስተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ እያደረጉ ወደ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተነጋገሩ። የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው። ወንድማቸው ስልኩ ላይ ቀረበ፤ ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ልጄን እንድትድርልኝ ወክዬሃለሁ አሉት። እዚያ የነበሩት ወንዶች እንዲሰሙ ደግመው አሉት። ከማዶ፣ ከደሴ፣ እልልታ ቀለጠ፤ የስልኩ ስፒከር ተንጫጫ።

ስልኩን ዘግተው መጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔ መሬቱን አያለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አልኩ።

«የምን ይቅርታ? ማሽኗ እኮ በጣም ጥሩ ናት፣ እጅሽ…»

«ጋሼ!» ጮህኩ። «በአላህ ይሁንብዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ምን ጎደላት?»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ለአንድ ሰው ክፉ ወሬ እንደሚያረዳ ሰው ተጨንቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እውነቱን ካልሽማ፣ ስታነቢ ትቸኩያለሽ። ልጄ አባዬ ብላ የጠራችኝ ሦስት ቦታ ነው። ሦስቱም ላይ ሳትቆሚ አለፍሽ።»